«አልጫወትም» የማይባልበት ጨዋታ

ሐምሌ ነበር፤ ሐሙስ ማታ፤ ጃንጥላ የማያስጥለው ዝናብ። ቢሮ ስላመሸን ምግብ አዘዝን፤ ልቀበል ወደ ታች የወረድኩት እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ የቆመው ሞተረኛ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ፌስታሉን ዘረጋልኝ፤ በግራ እጁ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ!» አለ።

ግራኙ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ሰፈር ውስጥም በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። በግራ እጁ ብይ ሲመታ ስለማይስት «ግራኙ» አልነው፤ በዚያው ቀረ። ከተያየን አሥር ዓመት ሊሞላን ነው። ተቃቀፍን፤ ጃኬቱ ላይ ከነበረው ውሃ ግማሹ ወደ እኔ ተላለፈ።

«ግባ፣ ሻይ ጠጣ፤ ትንሽ እንጫወት» አልኩት።

መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልኩን አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቢጫ መስመር አለ፤ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከሥሩ «11/12» ይላል።

«አንድ ቀረችኝ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ካላደረስኩ የዛሬው ቦነስ የለም። ተከታታዬም ይቆረጣል፤ 19 ቀን ነው የያዝኩት።» ሞተሩ ላይ ወጣ። «ይህን ነገር የሠራውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው…» አለና ሳይጨርሰው እየሳቀ አስነስቶ ሄደ።

ቢጫውን መስመር የሠራሁት እኔ ነኝ።

* * *

ሶፍትዌር ምህንድስና ተምሬ ከግቢ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራበት ድርጅት ምግብና ዕቃ የሚያደርስ መተግበሪያ አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ስብሰባ ላይ አንድ ችግር ቀረበ፦ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሰው በብዛት በሚያዝበት በዚያው ሰዓት፣ ሞተረኞቹ ስልካቸውን እያጠፉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ምን ይደረግ? ክፍያ ይጨመር ያለ ሰው ነበር፤ ሐሳቡ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀብለነው ተሸኘ። በመጨረሻ የተስማማነው «ጌሚፊኬሽን» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሥራውን ጨዋታ እናድርግላቸው።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። አብዛኛው የኮድ ሥራ ማንም የማያየው የቧንቧ ሥራ ነው። ይኼኛው ግን ይታያል። የሚሞላ መስመር ሠራሁ። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች ሠራሁ። ሳያቋርጡ የሠሩበትን ቀን የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ከጎኑ የምትነድ ትንሽ እሳት ሠራሁ። 12ኛው ትዕዛዝ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት ይበተናል፤ የወረቀቶቹን አወዳደቅ ብቻ ሁለት ቀን ሙሉ ነው ያስተካከልኩት። አንድ «ምስጢር ሳጥን»ም አለ፤ አንዳንዴ አምስት ብር፣ አንዳንዴ ሃምሳ ብር፣ አንዳንዴ ምንም።

ሳጥኑ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ.ኤፍ. ስኪነር ከባልደረባው ከቻርልስ ፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትመው ነበር። አብዛኛው ስለ እርግቦች ነው። እርግቧ ቁልፉን በመንቁሯ ጠቅ ስታደርግ ምግብ ይወጣል። ምግቡ ከስንተኛው ጠቅታ በኋላ እንደሚመጣ ካላወቀች ሳትሰለች፣ ሳታርፍ ጠቅ ታደርጋለች። እኔም ያንኑ ነው የሠራሁት፤ በእርግብ ፋንታ ሞተረኛ አስገብቼ።

ዝናብ ሲዘንብ ስልክ የሚያጠፋው ሰው ቀነሰ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።

* * *

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ቢጫው መስመር ሳይሆን ስለ ብይ ሳስብ አደርኩ።

ሰፈራችን አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንገዱ ገና አፈር ነበር፤ ብይ ደግሞ አፈር ይፈልጋል። ተረከዝህን መሬት ላይ ተክለህ ዞር ዞር ስትል ጉድጓዱ ይወጣል። በኋላ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ጭቃው ስለቀረልን ሁላችንም ደስ አለን፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ልጆች ግን ተረከዛቸውን የሚተክሉበት መሬት አጡ።

አሁን ሳስበው፣ ብይ ከምንጫወትበት ሰዓት ግማሹን የምናጠፋው በክርክር ነበር። ገና አንድ ብይ ሳይወረወር ሕግ እናወጣለን። ስንዝር ይቻላል? ጠጠር ቢያጋጥም ማንሳት ይፈቀዳል? ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ገባ ይባላል? ፓርላማ ነበርን፤ ያውም ተቃዋሚ የበዛበት። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል፣ በሁለተኛው ውርወራ አንዱ «ፉርሽ!» ብሎ ይጮኻል።

ፉርሽ ማለት ይህ ዙር አልተቆጠረም ማለት ነው። በግ በመሀል ካለፈ ፉርሽ። የአንዱ እናት ለሱቅ ከጠራችው ፉርሽ። ዓይን ውስጥ አቧራ ከገባ፣ መኪና ከመጣ፣ ትልቅ ሰው ሰላም ካላችሁና ቀና ካላችሁ ፉርሽ። ኑሮ ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ጨዋታው ይቆማል፤ ማንም ለዚያ አይቀጣም።

ከፉርሽ በላይ ደግሞ አንድ ቃል ነበረ፤ «አልጫወትም»። የመጨረሻው መሣሪያ ነው። የተበደለ ልጅ ብዮቹን ኪሱ ከትቶ «አልጫወትም» ካለ፣ ያ ሲያንቋሽሸው የነበረው ጎረምሳ ሳይቀር ተለማማጭ ይሆናል። «እሺ ድገም፣ እሺ ያንተ ገብቷል።» ዳኛ አልነበረንም፤ ሕጉን የሚያስከብረው ይህ ቃል ነበር። ማንኛችንም መሄድ ስለምንችል እርስ በርሳችን መጠንቀቅ ነበረብን።

ግራኙ ሁላችንንም ይበላን ነበር። ተበላን ስንል ብያችን አለቀ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ያደርጋል፦ ሁሉንም ከበላ በኋላ ኪሱ እያንቃጨለ ቆሞ ያየንና አምስት አምስት ብይ ያበድረናል። ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሒሳብ ነው። የሚጫወተው ሰው ከሌለ የሞላ ኪስ ምን ያደርግለታል? በዚህ አሠራር 14 ብይ ዕዳ እንዳለብኝ ቤተሰቦቹ ሌላ ሰፈር ገቡ።

* * *

«ትንሽ እንጫወት» ነበር ያልኩት በዚያ ዝናብ። ብይ እንጫወት ማለቴ አልነበረም፤ እናውራ ማለቴ ነው። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። እንግዳ ዝም ብሎ ከተቀመጠ «ተጫወት እንጂ» ይባላል። ወሬ የሚችል ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው። አንዱ ነገር ሌላውን ሲያመጣ ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል። ቃሉን አዘውትረን ስለምንጠቀምበት ምን እንደያዘ አናየውም። ጨዋታ ኳስና ካርታ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያስገድደው እየተቀባበሉ የሚቆዩበት ነገር ሁሉ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስተማረችኝ አያቴ ናት። መብራት ሲጠፋ ምድጃው ዳር ትሰበስበንና «እንቆቅልሽ» ትለናለች። «ምን አውቅልሽ» እንላለን። መልሱን ካላወቅን «ሀገር ስጡኝ» ትላለች። ጎንደርን እንሰጣታለን፤ አይበቃኝም ትላለች። ሐረርን እንጨምራለን። አንድ ማታ ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን አስረክቤ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም ቦታቸው ነበሩ።

አያቴ ያረፈችው እኔ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። የለቅሶ ድንኳን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን የሚያለቅሰው ሰው ብዙ ነው፣ ማታ ሐዘንተኛውን ላለመተው የሚያድሩ ወንዶች ደግሞ ካርታ ያወጣሉ። በሁለተኛው ሌሊት አባዬን ጎተት አድርገው ጠረጴዛ አስቀመጡት። እናቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ካርታውን ይዞ ዝም ብሎ ያያል። እኩለ ሌሊት አካባቢ አንድ ጎረቤት ሲያጭበረብር ተያዘና ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ወዲያው ግን እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ አፈረ። ከጎኑ የነበሩ ጡረተኛ ሾፌር ጉልበቱን ነካ አድርገው «ተጫወት፣ ልጄ» አሉት።

የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ካርታውን ጣል ማለታቸው ይሁን፣ አውራ ማለታቸው። አባዬ ግን ሁለቱንም አደረገ። ካርታ ጣለ፤ ከዚያ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ፤ እስኪነጋ አላቆመም።

* * *

ስለ ጨዋታ የጻፉ ሰዎችን ያነበብኩት ከዚያ ሐሙስ በኋላ ነው፤ ኮዱን ከመጻፌ በፊት ማንበብ ሲገባኝ። ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሃውዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 «ሆሞ ሉደንስ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ «ተጫዋቹ ሰው» እንደ ማለት ነው። ሕግም፣ ግጥምም፣ ሙግትም ከጨዋታ ውስጥ ነው የወጡት ይላል። እንቆቅልሽ ላይ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በየቋንቋው ጨዋታ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚመረምር ሙሉ ምዕራፍም አለው፤ ግሪክኛ፣ ሳንስክሪት፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ አያቴ ጋር ብዙ ይቆይ ነበር። የመጀመሪያው መስፈርቱ ግን አጭር ነው፦ ጨዋታ በፈቃድ የሚገባበት ነገር ነው። በትእዛዝ የሚጫወቱት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ጨዋታን በአራት ከፈለው፦ ፉክክር፣ ዕጣ፣ ማስመሰል፣ ማዞር። ሳነበው ሰፈሬን ነው ያየሁት። ፉክክሩ ዳማና ሩጫ። ዕጣው የእናቶች ዕቁብ ሲወጣ ያለው ጸጥታ። ማስመሰሉ እቃቃ፤ ጭቃ ወጥ የሚሆንበት፣ የሦስት ዓመት ሕፃን «ልጅ» ሆኖ የሚገረፍበት። ማዞሩ ደግሞ ዥዋዥዌ፤ ወይም እጅ ለእጅ ተያይዘን ሰማዩ እስኪገለበጥ የምንሽከረከረው። ካይዋ አንድ ማስጠንቀቂያም አለው። እነዚህ ነገሮች የጨዋታውን አጥር ዘለው ተራ ኑሮ ውስጥ ሲገቡ ይበላሻሉ፤ ደስታ የነበረው ነገር ሱስ ወይም ግዴታ ይሆናል ይላል። በየመንደሩ የኳስ ውርርድ ቤት ደጃፍ ወረቀት ይዞ የቆመውን ወጣት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም።

እኔ ግን ስለ ውርርድ ቤት አላሰብኩም። የእኔን ቢጫ መስመር ነው ያሰብኩት። ብይ ከተበላህ ብይህ ነው የሚሄደው፤ እሱንም ግራኙ ያበድርሃል። ጎንደር ብትሄድ ጠዋት ትመለሳለች። ጨዋታ ውስጥ መሸነፍ ርካሽ ነው፤ የምንጫወተውም ለዚህ ነው። እኔ በሠራሁት ውስጥ የሚሸነፍ ሰው የሚያጣው የቤት ኪራዩን ነው።

* * *

ቅዳሜ ደወልኩለትና አንዲት ሻይ ቤት ተገናኘን። ነገሩን ሳልጠቀልል ነገርኩት። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «አንተ? ያ 14 ብይ ያለብህ?»

ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የተናገረው ግን እስከዛሬ አብሮኝ አለ። «መስመሩን እንዳታጠፋው» አለኝ። «12 ስሞላ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። ወረቀቱ ሲበተን አንዳንዴ ቆሜ አየዋለሁ። በዚያ ዝናብ ብቻዬን ስነዳ ‹ጎበዝ› የሚለኝ ሌላ ማን አለ?»

ደግሞ የራሱ ጨዋታዎች አሉት። ትራፊክ መብራት ላይ ቁጥሩ ሲቆጥር ከእሱ እኩል ትንፋሹን ይይዛል። በር ከማንኳኳቱ በፊት ሰውዬው ጉርሻ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም ብሎ ከራሱ ጋር ይወራረዳል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጣ ባለ ጎዶሎ ቁጥሩን ደረጃ አይረግጥም። «አንተም ታደርገዋለህ» አለኝ። አደርገዋለሁ። ሁላችንም እናደርገዋለን መሰለኝ፤ የሥራ ሰዓት ውስጥ ሰርቀን የምናስገባት ትንሽ ነፃነት ናት።

«ታዲያ የእኔ በምን ይለያል?» አልኩት።

«የራሴን ስሰለች እተወዋለሁ» አለ። «ያንተን ስተወው ዳቦ ይቀንሳል።»

ከዚያ የሚያዝያውን ነገረኝ። 41 ቀን ይዞ ነበር፤ ወርቅ ደርሶ ነበር። ታይፎይድ ያዘው። ወርቅ የደረሰ ሰው ትዕዛዝ ቀድሞ ያገኛል፤ ያንን መስመር ኮድ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ቀን እያተኮሰው ነዳ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተው። ሳምንት ተኝቶ ሲመለስ እሳቷ ጠፍታለች፣ ቆጣሪው ዜሮ ነው፣ ደረጃው ነሐስ ነው። ስልኩ ላይ የጠበቀው መልእክት «ናፍቀኸናል! ዛሬውኑ እንደገና ጀምር» ይላል።

መልእክቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የቃለ አጋኖው ግን የእኔ ነበር።

* * *

በማግስቱ እሁድ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። አባዬ እንደ ወትሮው ሱቁ በረንዳ ላይ ዳማ ይዟል። ሰሌዳው አሮጌ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጠጠሩ ቆርኪ፤ የአንዱ ቀና ብሎ፣ የሌላው ተገልብጦ። ተቀናቃኙ ያ «ተጫወት» ያሉት ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ዙሪያውን የቆመው ተመልካች ከተጫዋቾቹ በላይ ያወራል። የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል።

ጨዋታ ላምጣ ብዬ «ዳማ እኮ መልሱ ተገኝቷል» አልኳቸው።

እውነት ነው። ካናዳ ውስጥ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆናታን ሼፈር የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ቺኑክ የሚል ፕሮግራም ይዞ ከ1989 ጀምሮ 18 ዓመት ለፋ። የሰሌዳው አቀማመጥ በ5 ቁጥር ላይ 20 ዜሮ የሚደረደርበት ያህል ነው። በ2007 ውጤቱን አሳወቀ፦ ሁለቱም ተጫዋቾች አንድም ስሕተት ካልሠሩ ጨዋታው በእኩል ያልቃል። በእርግጥ ሼፈር የፈታው የእነሱን አገር ሕግ ነው፤ የእኛ በረንዳ ሕግ ትንሽ ይለያል። ቢሆንም ለአንድ ኮድ ጻፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እየተንተባተብኩ ነበር የማስረዳቸው።

«ማሽኑ ሲሸነፍ ሻይ ይጋብዛል?» አሉ ሾፌሩ።

«አይሸነፍም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ምኑን ተጫወተው?»

አባዬ ግን ስለ ሰዎቹ ጠየቀኝ። ከማሽኑ ጋር የተጫወተ ሰው የለም? አለ፤ ማሪዮን ቲንስሊ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር፤ በአርባ ዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ጨዋታ ብቻ የተሸነፈ ሰው። በ1992 ቺኑክን አሸነፈው። በ1994 እንደገና ተገናኙ፤ ስድስት ጨዋታ በእኩል ከወጡ በኋላ ቲንስሊ ታመመና አቋረጠ። ካንሰር ነበር፤ በዓመቱ ሞተ። የዓለም ሻምፒዮንነቱ ለማሽኑ ተሰጠ።

አባዬ ያነሳውን ቆርኪ ሳያስቀምጥ ቆየ። «ታሞ ነው የወጣው?»

«አዎ።»

«ታሞ ከወጣማ ፉርሽ ነው» አለ፤ ቆርኪውን አስቀመጠ።

ሾፌሩ በጭንቅላታቸው አረጋገጡ። ተመልካቹም አረጋገጠ። ማንም አልተከራከረም፤ በዚያ በረንዳ ላይ ያለ ክርክር ያለፈ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ያንን ቆጣሪ ስጠግን ኖሬ፣ የሠራሁት ነገር ምን እንደጎደለው ያን ጊዜ ገባኝ። በግ ሲያልፍ የሚቆመውን ነገር ነበር የረሳሁት።

* * *

ሰኞ ሐሳብ ጽፌ አቀረብኩ። ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ሞተረኛው ሲታመም ወይም ሲቸግረው ቆጣሪውን ባለበት ማቆም ይችላል፤ ማስረጃ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ ቆሞ ባለበት ጊዜ ደረጃው አይወርድም። ሦስተኛ፣ ጨዋታውን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ያጠፋዋል፤ መስመሩም እሳቷም ሳጥኑም ይሄዳሉ፣ ትዕዛዙና ክፍያው ግን አይቀነስበትም። ሦስተኛውን በረቂቁ ላይ «አልጫወትም» ብዬ ነበር የጠራሁት።

ማናጀሬ ክፉ ሰው አይደለችም። አንብባ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ቁጥሩን ምን ያደርገዋል?»

«ሊቀንሰው ይችላል» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ተከራከርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በወር ለአራት ቀን ብቻ እንዲሆኑ ተስማማን። ሦስተኛው «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ፤ ቢሮ የሠራ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል። ሥራዬን አልለቀቅኩም። ለቀቅኩ ብል ይህ ጽሑፍ ያምር ነበር፤ እኔም ኪራይ እከፍላለሁ። ምስጢር ሳጥኑም እዚያው አለ። የሠራሁትን ነገር ጨዋታ ብዬ መጥራት ግን ትቻለሁ፤ ስብሰባ ላይም አልጠራውም። መውጫ እስኪኖረው ድረስ ሌላ ስም ይፈልግለት።

ቆጣሪውን የሚያቆመውን ፈንክሽን «ፉርሽ» ብዬ ሰየምኩት። ኮዱን የገመገመው ባልደረባዬ ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

* * *

በጥቅምት አንድ እሁድ ግራኙ ስክሪንሾት ላከልኝ። ቆጣሪው «ባለበት ቆሟል» ይላል።

«ታመምክ እንዴ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አልታመምኩም። አስጠላኝ።»

ሰፈር መጣ። አባዬ አላወቀውም ነበር፤ ቆርኪውን በግራ እጁ ሲያነሳ ግን ወዲያው ለየው። ሁለት ጨዋታ ተጫወቱ፤ በሁለተኛው መሀል ግራኙ አንድ ቆርኪ ነክቶ ሐሳቡን ቀየረ። «የነካ ይጫወታል» አለ አባዬ። «አልነካሁም፣ ነፋስ ነው» አለ ግራኙ። ነፋስ አልነበረም። ሾፌሩ በአንድ ወገን፣ ባለሱቁ በሌላ ወገን ተሰለፉ፤ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔን ዳኝ አሉኝ። አይቻለሁ፤ ነክቷል። «አላየሁም» አልኩ።

ግራኙ ተሸነፈና ሻዩን ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ።

«ተወው፣ እኔ ልክፈል» አልኩት። «ከዚያ ከ14ቱ ብይ ላይ ይታሰብልኝ።»

«16 ናቸው» አለ።